ከጽዋው ተራ ነጻ የተደረግሁበት ሕመም

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚያማችሁን ንገሩ እንጂ የበሽታችሁን ስም አትንገሩ። ይህን የምለው ስሙን ነግሬ ሰባት ወር ያባከንኩ፣ በሰባቱ ወርም ሁለት እግሬን ላጣ የደረስኩ ሰው ነኝ። ጀርባውን የሚያመው፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ ሳይጾም የሚከሳ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብበኝ። ጤነኛውም ያንብበኝ፤ የጥፋቴ ግማሽ የሐኪም ቤት ጉዳይ አይደለምና።

በላቸው እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የውሃ ሞተር ያለው ገበሬ ሁሉ ያውቀኛል፤ የማያውቀኝ ካለ ሞተሩ ገና አልተበላሸም ማለት ነው። የትምህርት ቤት በር አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በልጅነቴ ትምባሆ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኜ፣ በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ነው። ጸሐፊው ሲጠራ ከኋላው ቆሜ ጣቱን በዓይኔ እከተል ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል የራሴን ስም ነው፤ ቀጥዬ ከእኔ በላይና ከእኔ በታች ያሉትን ሁለት ስሞች። ዓመት ሳይሞላ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ተወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ፣ መንፈሳዊውንም የሞተር መመሪያውንም፣ ያለ መምህር ዘልቄያለሁ። ሞተርም ፈትቼ የገጠምኩት ማንም ሳያሳየኝ ነው። ድምፁን ከሩቅ ሰምቼ የቱ ጋ እንደታመመ እናገራለሁ። እንግዲህ የብረትን ሕመም በድምፁ የሚያውቅ ሰው የራሱን ጀርባ እንዴት ይስታል ብዬ አሰብኩ።

ሕመሙ የጀመረኝ ወንዝ ዳር የአንድ ገበሬ ሞተር ለማስነሳት ገመድ ስስብ ነው። ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ መሐል አከርካሪዬ ላይ፣ ሚስማር የገባ መሰለኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁና «ኩላሊት ነው» አልኩ። ያ ገበሬም «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለ። በአገሩ እኔ ካልኩ አልቋል።

በሳምንቱ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ጤና ባለሙያ ገና ወንበር ሳይጠቁመኝ «ኩላሊቴን ነው፣ ሽንቴን መርምርና መድኃኒት ጻፍልኝ» አልኩት። ልጁ ምን ያድርግ? መረመረ፣ ጥቂት ኢንፌክሽን አለ አለኝ፣ ጻፈልኝ። አሥር ቀን ዋጥኩ። ሚስማሩ እዚያው ነው። ቀጥሎ ማታ ማታ ትኩሳት መጣ። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሲመጣ ወባ ነው፤ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው። ሁለቱንም ታከምኩ። ባለቤቴ አስካለ «አንተ ሰውዬ፣ ቀበቶህ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል፤ ሌሊት ላብህ አንሶላውን ያረጥበዋል፣ ይህን ለሐኪሙ ንገረው» ብትለኝ፣ «ቆላ ውስጥ የማያልበው ማን ነው?» አልኳት። እውነት ነበር፤ ግን መልስ አልነበረም።

ከዚያ ወጌሻ አስጠራሁ። ጀርባዬን በቅቤ አሽቶ በጉልበቱ ተጫነኝ። የሰማሁትን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም፤ ሞተር ቢሆን ኖሮ «አቁም!» ብዬ እጮህ ነበር። አከርካሪው የታመመ ሰው ለወጌሻ ጀርባውን አይስጥ። ይህንን በሁለት እግሬ ምዬ እናገራለሁ።

ከወጌሻው በኋላ እግሬ ይደነዝዝ ጀመር። መጀመሪያ ግራው፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስል። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሲቀር አላውቀውም፤ አስካለ ከኋላዬ ለቅማ ታመጣልኛለች። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ልቆም ስል፣ ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆኖ ቀረ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ አስካለን ተጣራሁ። ስትመጣ ያልኳትን አልረሳም፤ «ኩላሊት አይደለም መሰለኝ» አልኳት። ከፊቷ ላይ ሳቅና ለቅሶ አብረው ሲመጡ አየሁ።

ባለ ባጃጁ ሰይድ፣ የሃያ ዓመት ጎረቤቴ፣ አቅፎ አወጣኝ። «አላህ ያሽርህ፣ ጋሽ በላቸው» እያለ እንደ ሸክላ ዕቃ አስቀመጠኝ። ከመናኸሪያው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተውኝ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ በመስኮት ሲያዩኝ ሳይጠይቁኝ አለፉ። ሰው ተኝቶ ሲሄድ ቆሎ አይሸጡለትም። መታመሜ መጀመሪያ የተሰማኝ ያኔ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ገባ፣ አስካለ ጋቢዋን አልብሳኝ ራሷ ተንቀጠቀጠች።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ አዳራሽ ረጅም አግዳሚዎች አሉት። ሁሉም ለሚቀመጥ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ መቀመጥ ለማይችል የተሠራ የለም። ሦስት ሰዓት ያህል መሬት ላይ፣ አስካለ እግር ሥር ተጋደምኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ከስር ቀሚሷ ጋር የታሰረውን ፎጣ ፈትታ ራሴ ሥር አደረገችልኝ፤ ስሟን አልጠየቅኋትም። ተራችን ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም አየኝና «አባት፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። አፌን ስከፍት አስካለ ክንዴን ያዘች።

«ዛሬ እኔ ልናገር» አለች።

ላቡን፣ ትኩሳቱን፣ ቀበቶውን፣ ወጌሻውን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም በተራ ነገረችው። ሐኪሙ አከርካሪዬን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ወረደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ጮህኩ። «ይህን ከሰባት ወር በፊት ቢነግሩን» አለ፣ እኔን ሳይሆን ወረቀቱን እያየ። ከዚያ አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ፣ ኤምአርአይ የሚባለው የሚያጉረመርም ዋሻ ውስጥ። ከጀርባዬም በመርፌ ናሙና ተወሰደ። በሽታው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ በሳንባ የምናውቀው ቲቢ አጥንት ውስጥ ገብቶ ሁለት አጥንት በልቷል፣ መግሉም ወደ እግር የሚወርደውን ጅማት ተጭኖታል። መድኃኒቱ ኪኒን ነው፤ አንድ ዓመት፣ አንድም ቀን ሳይቋረጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንቴ ቀይ ብርቱካን ሲመስል ደም መስሎኝ ተናዘዝኩ። መድኃኒቱ የሚያመጣው ቀለም ነው፤ ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ እናንተ ከእኔ ስሙት። የሞተሬንና የመፍቻዎቼን ዋጋ ሕክምናው ወሰደው። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። ያላለቀልኝ ሕመም እዚያ ነው ያለው።

እኔ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ነበርኩ። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ እንደሚባል ታውቃላችሁ። በየወሩ በአሥራ ስድስት በአንድ አባል ቤት እንሰበሰባለን፤ ባለ ተራው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ይዘክራል። ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረካቢ ይሰጣል፤ ተረካቢው ነጠላውን በሁለት መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል፤ እኛም በዝማሬ እስከ ቤቱ እንሸኘዋለን፣ እሱም ሸኚዎቹን በዳቦና በጠላ ይቀበላል። ጽዋው የገባበት ቤት ያን ወር የተከበረ ቤት ነው። የማኅበሩን ደንብ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ አንቀጽ፣ ከአንድም ቦታ ሳልገለብጥ። ደብሩ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ሰው ሰብስቤም አስተምር ነበር። ካህን አይደለሁም፤ ግን ካህናቱም ቆመው ይሰሙኝ ነበር።

ዘነበች የምትባል፣ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ የምትነግድ ሴት አባል ሆነች። ቀኝ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰለለ ነው፤ ስትሄድ እጇን ጉልበቷ ላይ እየደገፈች ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከመስኖው ቦይ ማዶ። ተራዋ ሲቃረብ አሰብኩላት። ይህች ሴት እንዴት ጌሾ ትወቅጣለች? እንዴት ውሃ ትቀዳለች? እንዴትስ ይህን ሁሉ ሰው ታስተናግዳለች? ስለዚህ በዚያው ሳምንት ቁጭ ብዬ ከስድስተኛው ቀጥሎ አዲስ አንቀጽ ሰባት አስገባሁ፦ የታመመ ወይም አካሉ የደከመ አባል ከጽዋው ተራ ነጻ ይሆናል፤ ድርሻውም ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ጽሕፈቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በራሴ ደግነት ነበር ያለቀስኩት።

በዕለቱ ጽዋው የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ ዘነበች ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነጠላዋን በመዳፎቿ ላይ ዘረጋች። አዲስ ነጠላ ነበር። እኔ ቆምኩና አንቀጽ ሰባትን አነበብኩ።

«ስለዚህ» አልኩ፣ «ጽዋው በእኅታችን በዘነበች ላይ ሸክም አይሆንም። ያ ሁለት እግሩ ሽባ የነበረው ሜምፊቦስቴ ምንም ሳይሠራ በንጉሡ ማዕድ ይበላ እንደነበረ፣ አንቺም ከማዕዳችን አትጎድዪም። ጽዋው ወደ አቶ ተሰማ ያልፋል።»

ሰው ሁሉ «እሰይ ሙሴያችን፣ ርኅሩኅ ነው!» አለ። ዘነበች እጇን እንደዘረጋች ነበረች።

«ጋሼ በላቸው» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔኮ ጠንስሻለሁ።»

«እንግዲያስ ራስሽ ጠጪዋ!» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሳቁ ጌታ እኔ ነበርኩ። እሷ ነጠላዋን አጥፋ፣ እንደገና አጥፋ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ወር መጣች፣ ከዚያ ቀረች። «ነጻ ወጥታ እንኳ ትቀራለች» ብዬ ታዘብኳት።

አዲስ አበባ ሁለት ወር ቆይቼ ስመለስ፣ በሰይድ ክንድ ቤቴ ገባሁና አልጋ ላይ ዋልኩ። ኪኒኑን በየቀኑ የምታመጣልኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነበረች፤ ዓይኗ ሥር ካልዋጥኩ አትሄድም። ማኅበርተኞቼ በየወሩ በአሥራ ስድስት ዳቦና በጣሳ ጠላ ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ወር ደስ አለኝ። በሁለተኛው ደግሞ ሲገቡ ድምፃቸውን እንደሚቀንሱ አስተዋልኩ። በሦስተኛው አንዷ ማኅበርተኛ ከአስካለ ጋር ስለ እኔ፣ እፊቴ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል አወራች፤ «ይበላል? ይተኛል?» አለቻት። እኔ በላቸው! የማኅበሩን ደንብ የጻፍኩ ሰው፣ ስለ መብላቴ ሰው ይጠየቅልኝ ጀመር።

ቅዳሴ ቀን ሰይድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያደርሰኛል። ከበሩ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። የሚያልፈው ሁሉ «ይማርህ» ይለኛል። የትምህርቱ ዛፍ ከእኔ አርባ እርምጃ ላይ ነው፤ አንድም ሰው «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ታስተምረናለህ?» ያለኝ የለም። እግሬ ነው የታመመው፤ ምላሴን ማንም አልመረመረውም።

ቢሆንም ተራዬ ጥቅምት ላይ ነበርና እሱን እጠብቅ ነበር። ከዝርዝሩ ላይ ስሜን ስንት ጊዜ እንዳየሁት! አስካለ ብቅል አስጥታ፣ ጌሾ ገዝታ፣ ጋን አጥባ ነበር። የመስከረም ማኅበር ዕለት ማታ፣ በእኔ እግር ሙሴ የሆነው መምህር ታደሰ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ዳቦ ይዘው ነበር፤ ጽዋ አልያዙም።

«ጽዋው የታለ?» አልኩ።

«ጋሼ በላቸው፣ እርስዎ አይድከሙ። ወደሚቀጥለው አሳልፈነዋል።»

«ማን አሳለፈው?»

መምህር ታደሰ ኪሱ ገብቶ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ፎቶ ኮፒ ነው፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። እንዴት እንደሚያምር! «አንቀጽ ሰባት» አለና ሊያነብልኝ ጀመረ።

«ተወው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኩት።

«ደግሞ... በሽታው ከጽዋ ጋር...» ብሎ አንደኛው ሰውዬ ጀመረ።

«የአጥንት ቲቢ በትንፋሽም በጽዋም አይሄድም፤ ነርሷን ጠይቅ» አለች አስካለ ከጓዳ። «የሚሄደው ሌላ ነው።»

ዳቦውን አስቀምጠው ወጡ። አስካለ ብቅሉን ሰብስባ በጆንያ አሰረችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ገባህ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዘነበች ያን ጊዜ አዲስ ጋን ገዝታ ነበር። በወይራ አጥናው ነበር። ጌሾ መውቀጫ ከእኔ ነው የወሰደችው። ያን ቀን ጠዋት 'ሴትዮዋ ጠንስሳለች፣ ተዋት' ስልህ 'አንቺ ስለ ደንብ ምን ታውቂያለሽ' አልከኝ።»

«ዳቦውንስ?»

«በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን ያደለችው እሱ ነው። አንተም አንድ ቁራሽ በልተህ፣ 'ማን የጋገረው ነው፣ ይጣፍጣል' ብለህ ነበር።»

ትዝ አለኝ። ዳቦው ጥቁር አዝሙድ ነበረበት።

እንግዲህ የታመመ ሰው ጊዜ አለው፤ አሰብኩ። ሙሴ እያሉ ሲጠሩኝ የኖርኩ ሰው፣ ያንን የመጀመሪያውን ሙሴ አስቤው አላውቅም ነበር። እሱ እኮ አፉ ኮልታፋ ነበር። «ሌላ ላክ፣ እኔን ተወኝ» ብሎ ለምኗል። ከተራው ነጻ ልሁን ማለቱ ነው። አምላክ ግን ነጻ አላደረገውም፤ ወንድሙን አጠገቡ አቁሞ ያንኑ ሥራ ሰጠው። እኔ ለዘነበች ውሃ የሚቀዳላትና ጌሾ የሚወቅጥላት ሰው መመደብ ስችል ስሟን ዘለልኩት። እኔ ስሜን ከመዝገብ ላይ በመፈለግ ፊደል የተማርኩ ሰው፣ የሰው ስም በብዕር ዘለልኩ።

እግሬን ለማስነሳት የሠራሁትን ብዙ አላወራም፤ ግን ትንሽ ላውራ። ነርሷ ያሳየችኝን እንቅስቃሴ እጥፍ አድርጌ ሠራሁት። ከአሮጌ የሞተር ቱቦ፣ ተቀምጬ እያዘዝኩ፣ በደጄ ላይ ሁለት ረጅም መደገፊያ አስበየድኩ፤ ነርሷ ስታየው ፎቶ አንሥታ ወሰደችው። በስድስተኛው ወር ቆምኩ። ኪኒኑን በጨረስኩበት ሳምንት በከዘራ ከቤቴ እስከ ሰይድ ባጃጅ ደረስኩ። ግራ እግሬ አሁንም ይጎተታል፤ ይጎተት፣ ይከተለኛል።

መጀመሪያ የሄድኩት ማኅበሩ ዘንድ ነው። አንቀጽ ሰባትን በገዛ እጄ ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ፦ ማንም አባል ከተራው አይዘለልም፤ የሚያግዘው ሰው ይመደብለታል። ጥቂት ተከራከሩ፣ ከእኔ ጋር ተከራክሮ የረታ ስለሌለ ጸደቀ። ስሜ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ፤ ከእኔ ቀጥሎ የዘነበችን ስም ከሁሉም አሳምሬ ጻፍኩት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ለሰይድ ስልክ ደወልኩ።

«ጋሽ በላቸው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስተምር ነው?» አለኝ መሪውን እያዞረ።

«ልማር ነው።»

«ማሻአላህ! ሰባ ዓመት ዘገየህ እንጂ።»

ከቦዩ ማዶ አወረደኝ። ዘነበች ደጇ ላይ ማሾ ከምራ፣ ሰፌድ ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗን ከሰፌዱ ወደ ከዘራዬ፣ ከከዘራዬ ወደ ፊቴ አነሣች።

«ጋሼ በላቸው! በእግርዎ መጡ?»

«ከባጃጁ እስከዚህ በእግሬ ነው።»

«እሰይ። በርጩማው ያውና፣ ይቀመጡ።»

በርጩማው ከግድግዳው ጥግ ነው፤ አላነሣችልኝም። ሄጄ፣ በከዘራዬ ጎትቼ አምጥቼ ተቀመጥኩ። ላብ ላብ አለኝ፤ እሷ ማሾዋን ትለቅማለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«በየትኛው?»

አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«በጽዋው» አልኩ።

«እሱን ያኔውኑ፣ ጾም ሳይገባ ይቅር ብያለሁ። አለዚያ እንዴት እቆርባለሁ?» አንድ ጠጠር አንሥታ ወረወረች። «ከዛፉ ሥር ሲያስተምሩ 'አካለ ጎዶሎዎችን እግዚአብሔር የፈጠረልን ለመጽደቂያችን ነው' ያሉት ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ከፊትዎ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ካህን ልጠይቅ እያልኩ አፈርኩ።»

«ጠይቂኝ።»

«እኔ የእርስዎ መጽደቂያ ከሆንኩ፣ የእኔስ መጽደቂያ ማን ነው?»

 ሜምፊቦስቴን ላነሣ አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ።

«ያ ንጉሡ ቤት የሚበላው ሰውዬም ሲያሳስበኝ ነው የኖረው። በላ ይላል፤ አንድ ቀን ሰው ጠርቶ አበላ ይላል?»

«አይልም።»

«መብላቱን ገበያዬ አልነፈገኝም፣ ጋሼ። እኔ የፈለግሁት ማብላቱን ነበር። ሰው ቤቴ በዝማሬ እንዲገባ። ጎረቤት 'ዛሬ የዘነበች ቤት ነው' እንዲል። አንድ ቀን ብቻ።»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁና ሰጠኋት። አንቀጹ እንደተሰረዘ፣ ስሟ እንደተመለሰ፣ ውሃና ጌሾ የሚያግዟት ሰዎች እንደተመደቡ ነገርኳት። በጣቷ እየተከተለች ስሟን አገኘችው፤ ቆየችበት።

«አሳምረው ጽፈውታል» አለች። ከዚያ አጥፋ፣ እንደገና አጥፋ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ያንን አስተጣጠፍ አውቀዋለሁ።

«እንግዲህ በኅዳር...» አልኩ።

ፊቷን ወደ ቤቱ አዞረች። ከበሩ ጀርባ ጋኑ ቆሟል፤ አፉ በሰፌድ ተከድኗል፤ ክዳኑ ላይ የማሾ መስፈሪያ ጣሳ አለ።

«ጋኑ ማሾ ለምዷል፣ ጋሼ» አለች። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ብትለው ኖሮ እከራከራት ነበር።

 ልነሣ ከዘራዬን ስይዝ ሌላ ሰፌድ ከጎኗ አንሥታ ማሾ ሞልታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እጅዎ ደህና ነው አይደል?»

«እጄማ...»

«እንግዲያስ ከመጡ አይቀር ይልቀሙ። ነገ ገበያ ነው፣ አልደረሰልኝም።»

ከታመምኩ ጀምሮ ሰው ያመጣልኛል፣ ሰው ያነሣልኛል፣ ሰው ይጸልይልኛል። «በላቸው፣ ይህን ሥራልኝ» ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። መነጽሬን አደረግሁና ለቀምኩ። ማሾና ጠጠር በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሞተር ይሻላል። ስጨርስ ሰፌዱን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው፣ ነፋ ነፋ አደረገችው፣ እንደገና እንድለቅመው መለሰችልኝ።

መስከረም ላይ ጽዋው ቤቴ ገባ፤ ጥቅምት ላይ ዘከርኩ። አስካለ ጠመቀች፣ ዳቦው ላይ ጥቁር አዝሙድ እንድታደርግበት ነገርኳት። ዘነበችን ጠራናት፤ መጣች፣ በላች፣ «ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» አለች። ጽዋው ሊነሣ ሲል ነጠላዋን አየሁ፤ ትከሻዋ ላይ እንደነበረ ቀረ። «ለሚቀጥለው» አለች፣ ጽዋውም አለፈ። ይህ ከሆነ ሁለት ዙር አልፏል። ስሟን ከዝርዝሩ ላይ አላወጣሁትም፣ አላወጣውምም፤ በየዙሩ መምህር ታደሰ ይጠራዋል፣ በየዙሩ ያልፋል። ደንብ በአንድ ቀን ይሰረዛል። የሰው እጅ ግን አንዴ ከታጠፈ ቶሎ አይዘረጋም።

ስለዚህ ወገቤን አመመኝ የሚለውን ሰው ሁሉ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። ላባችሁን ለሐኪም ንገሩ፤ ኪኒናችሁን አታቋርጡ። የታመመ አባል ያለው ማኅበር ደግሞ ዳቦ ብቻ ይዞ አይሂድ፤ ሥራም ይዞ ይሂድ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰይድ ከቦዩ ማዶ ያወርደኛል። በርጩማውን ራሴ ጎትቼ እቀመጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሰፌዱን ጨርሼ፣ በኩራት አቀበልኳት። አንድም ጠጠር እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዘነበች ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው፣ ጣቷን ሰደደችና ከመሐል አንዲት ትንሽ ነገር ለይታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«ይህቺ አልፋዎታለች፣ ጋሼ» አለችኝ።

መነጽሬን ጠረግሁና እንደገና ጀመርኩ።